ጡሩምባውና ካፖርቱ

[ታኅሣሥ ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.፣ ቦሌ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም የማይርቅ የአንድ ትምህርት ቤት ግቢ። ከጧቱ ሦስት ሰዓት። የጂኦግራፊ አስተማሪው ዘርአጽዮን ጥቅል ወረቀት ይዞ ባዶ ሜዳ መሀል ቆሟል። ዘበኛው ጋሽ እንድሪስ አሮጌ ካፖርታቸውን ደርበው ከፊቱ ቆመዋል።]

ዘርአጽዮን፦ አሥራ ሁለት አግዳሚ ወንበር እንዴት ይጠፋል? መርፌ ነው እንዴ!

እንድሪስ፦ አልጠፋም መምህር።

ዘርአጽዮን፦ ታዲያ የታለ?

እንድሪስ፦ አለ።

ዘርአጽዮን፦ የት ነው ያለው? እኔ የሚታየኝ ሣርና አቧራ ነው!

እንድሪስ፦ በጀርባ በኩል ነው። ለቅሶ ቤት ወስጄው ነው።

ዘርአጽዮን፦ ለቅሶ ቤት? የመንግሥት ንብረት? ማን ፈቀደልዎ?

እንድሪስ፦ ሰው ሲሞት ደግሞ ፈቃድ ይጠየቃል እንዴ? ወንበር ያለው ወንበር ይሰጣል።

ዘርአጽዮን፦ ጋሽ እንድሪስ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?

እንድሪስ፦ ሐሙስ።

ዘርአጽዮን፦ ሐሙስ አይደለም! ማለቴ… ሐሙስስ ሐሙስ ነው። ግን ዛሬ ለአርመን ሕዝብ ሐዘናችንን የምንገልጽበት ቀን ነው! አራት ሰዓት ላይ ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ጓድ ላጲሶ ይመጣሉ። ምን ላይ ላስቀምጣቸው? ጉልበቴ ላይ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር መጨረሻ ላይ ሶቪየት አርመን ውስጥ መሬት ተንቀጠቀጠና ከተማው ከነሰዉ ፍርስራሽ ስር ገባ። ሬዲዮው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ሰባ ሰባት ላይ እኛ ስንራብ የሶቪየት አንቶኖቭ አውሮፕላን እህል ሲያመላልስልን ስለነበር፣ አሁን ተራው የእኛ ነው ተባለ። በየትምህርት ቤቱ የእርዳታ ኮሚቴ ይቋቋም የሚል ደብዳቤም ከከፍተኛው መጣ። እኛ ደግሞ ሌላው ቢያቅተን ኮሚቴ ማቋቋም አያቅተንም። ዘርአጽዮን ሊቀ መንበር ሆነና በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ዋና ኮሚቴና ሦስት ንዑሳን ኮሚቴዎች ወለደ። ሁሉም ተሰበሰቡ፣ ሁሉም ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ ሁሉም ሐዘናቸውን በአንድ ድምፅ አጸደቁ።

ዘርአጽዮንን እንቅልፍ የነሳው ግን አርመን ብቻ አልነበረችም። እውነቱን ከተናገርን አርመን ሁለተኛ ነበረች። የመጀመሪያው ሞስኮ ነው። መስከረም ላይ፣ ከከፍተኛው ትምህርት ቤቶች አንድ አስተማሪ ለሦስት ወር ኮርስ ወደዚያ ይላካል ተብሎ ነበር፤ መራጩም እኚሁ ጓድ ላጲሶ ናቸው። ዘርአጽዮን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ በረዶ አገር አስተምሯል። ያየው በረዶ ግን በሐምሌ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ከገርጂ በእግሯ የምትመጣ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ አይተውታል?» ብላ ጠየቀችው። «በመጽሐፍ» አለ፤ ክፍሉ ሳቀ። ያቺ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮው ውስጥ አለች። ስለዚህ የኮርሱን ወሬ እንደ ሰማ፣ ገና በጥቅምት፣ ማንም ሳያውቅ ወፍራም ካፖርት አሰፋ። ለልብስ ሰፊዋም «ባሌ ላለ ወንድሜ ነው» አላት። ባሌ ወንድም የለውም።

[ዘርአጽዮን ሰዓቱን ያያል። ሦስት ከአሥር።]

ዘርአጽዮን፦ የት ነው ለቅሶ ቤቱ? ልጆች ልከን ወንበሩን እናስመጣ።

እንድሪስ፦ ማዳም ቤት ነው። ልብስ ሰፊዋ፣ ከአጥሩ ጀርባ።

ዘርአጽዮን፦ ግሪኳ?

እንድሪስ፦ ግሪክ ናት እንዴ?

ዘርአጽዮን፦ ከአነጋገሯ አያውቁም?

እንድሪስ፦ እኔ የምሰማው አማርኛ ነው።

ዘርአጽዮን፦ እሱ ለእርስዎ ነው። እኔ ጂኦግራፊ ነው ያጠናሁት፤ ሰው አፉን ሲከፍት አገሩን ካርታ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ግሪክ ናት፤ አለቀ። ማን ሞተባት?

እንድሪስ፦ እህቷ። የእህቷ ልጆችም።

ዘርአጽዮን፦ ነፍስ ይማር። ግን ያስቡት እስቲ ጋሽ እንድሪስ። እዚያ አንድ እህት ናት፤ እኛ ዘንድ ግን ሃያ አምስት ሺህ ሰው ነው የሞተው! የቱ ይበልጣል? ወንበሩ ለየቱ ይገባል?

እንድሪስ፦ ሃያ አምስት ሺዎቹስ መምህር፣ እያንዳንዳቸው የሆነ ሰው እህት ወንድም አይደሉም?

ዘርአጽዮን፦ ፍልስፍናውን ይተዉትና ወንበሩን ያምጡ! እኔ ለማን እንደማለቅስ በደብዳቤ ታዝዣለሁ።

እንድሪስ፦ እሺ። ግን ሰው ተቀምጦበታል።

ዘርአጽዮን፦ ይነሣ!

እንድሪስ፦ ለቀስተኛ ተነሥ አይባልም መምህር። ራሱ ሲበቃው ነው የሚነሣው።

[ዘርአጽዮን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሮጦ ይገባል። ወዲያው እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ይወጣል።]

ዘርአጽዮን፦ ሁለቱ ጆንያስ? የተሰበሰበው ልብስ!

እንድሪስ፦ አለ።

ዘርአጽዮን፦ «አለ» አይበሉኝ!

እንድሪስ፦ ማዳም ቤት ነው።

ዘርአጽዮን፦ ልብሱንም? ለሴትየዋ ሐዘን የአርመንን ሹራብ?

እንድሪስ፦ አልለበሰችውም። ግማሹ ቁልፍ የለውም፣ ግማሹ ክርኑ ወጥቷል። አምጡልኝ፣ ልጠግነው አለች።

ዘርአጽዮን፦ ለቅሶ ላይ ተቀምጣ?

እንድሪስ፦ እጄን ሥራ ስፈታ ነው የሚብስብኝ አለች። ትናንት ማታ ሃያ ሹራብ ቁልፍ ተክላለታለች። አንዱን ሹራብ ደግሞ ፈትታ እንደገና ሠራችው።

ዘርአጽዮን፦ መዝግቤው ነበር እኮ! በቀለም፣ በመጠን!

እንድሪስ፦ የእኔን ካፖርት ግን አልመዘገቡትም።

ዘርአጽዮን፦ አዎ፣ መልሼልዎታለሁ። ይሄ ጀርባው ተቀዶ የተጣፈ ካፖርት ሄዶ አገር ያሰድብ? ኢትዮጵያ ይሄን ላከች ይባል?

እንድሪስ፦ እኔ ሰባ ሰባት ላይ መጠለያ ውስጥ ሲሰጡኝ ቀዳዳውን አላየሁትም። ቀዳዳ እንዳለው ያወቅሁት በክረምት ነው።

[ዘርአጽዮን ጥቅል ወረቀቱን ከአንዱ ብብቱ ወደ ሌላው ያዛውራል።]

ዘርአጽዮን፦ ያ ሌላ ነው።

እንድሪስ፦ ይሁን። እርስዎስ መምህር፣ ምን አዋጡ?

ዘርአጽዮን፦ እኔ?

እንድሪስ፦ አዎ። ተማሪው ሹራብ ሰጠ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ መብራት የልጇን ብርድ ልብስ ሰጠች። እርስዎ…

ዘርአጽዮን፦ እኔ ሐሳብ ነው ያዋጣሁት!

እንድሪስ፦ ይሞቃል?

ዘርአጽዮን፦ ምን?

እንድሪስ፦ ሐሳቡ።

አሁን ዘርአጽዮን ይህችን ጥያቄ ሊመልስ ይገባ ነበር። ግን ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ የተንጠለጠለው ካፖርት ትዝ አለው። ካፖርቱን በየምሽቱ አውጥቶ ይለብሰዋል፤ መስተዋት ፊት ቆሞም በሩስያኛ «ስፓሲባ» ይላል፤ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። ይህን የምናውቀው እኛና መስተዋቱ ብቻ ነን።

ዘርአጽዮን፦ ዳይሬክተሯ የት ናት? ጓድ ለተብርሃን ትምጣና ትፍረደን!

እንድሪስ፦ እሳቸውም እዚያ ናቸው።

ዘርአጽዮን፦ የት እዚያ?

እንድሪስ፦ ማዳም ቤት። ሽንኩርት እየከተፉ ነው።

ዘርአጽዮን፦ ዳይሬክተሯ ሽንኩርት?

እንድሪስ፦ ጥሩ አርገው ነው የሚከትፉት።

ዘርአጽዮን፦ ሰባተኛ «ሀ»ስ? መዝሙር የሚዘምሩት?

እንድሪስ፦ ውሃ እየቀዱ ነው።

ዘርአጽዮን፦ ስምንተኛ «ለ»?

እንድሪስ፦ ድንኳን ይዘው ነበር፣ ነፋስ ስለነበር። አሁን ግን ተተክሏል፤ ቁጭ ብለዋል።

ዘርአጽዮን፦ በእኔ ወንበር ላይ!

እንድሪስ፦ አዎ፣ ተመቻችተዋል።

[ዘርአጽዮን ቀስ ብሎ አንገቱን ይነቀንቃል። ፊቱ እየተለወጠ ይሄዳል።]

ዘርአጽዮን፦ ገባኝ።

እንድሪስ፦ እግዜር ይመስገን።

ዘርአጽዮን፦ አሁን ሁሉም ገባኝ! ለቅሶ አይደለም ይሄ። ሴራ ነው! ጓድ ለተብርሃን ሞስኮን ፈልጋዋለች። እኔ እዚህ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻዬን ቆሜ ጓድ ላጲሶ እንዲያገኙኝ ነው! ወንበሩን ወሰደች፣ ልብሱን ወሰደች፣ ዘማሪውን ወሰደች! የቀረችው ጓድ ላጲሶን መውሰድ ብቻ ነው!

እንድሪስ፦ ጓድ ላጲሶ ማለት ወፍራም መነጽር ያላቸው፣ ቡኒ ቦርሳ የያዙ?

ዘርአጽዮን፦ አዎ! የት ያውቋቸዋል?

እንድሪስ፦ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጥተው ነበር።

ዘርአጽዮን፦ ምን?

እንድሪስ፦ ቀደም ብዬ ልይ ብዬ ነው አሉኝ።

ዘርአጽዮን፦ ወይኔ! ወይኔ ዘርአጽዮን! የት አሉ ታዲያ?

እንድሪስ፦ «ለመሬት መንቀጥቀጡ የተዘጋጀው የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በዚህ ዞረው ይግቡ ብዬ አሳየኋቸው።

ዘርአጽዮን፦ በዚህ ወዴት?

እንድሪስ፦ ማዳም ቤት።

ዘርአጽዮን፦ የመሬት መንቀጥቀጡ ማዳም ቤት ምን ይሠራል?

[እንድሪስ ዘርአጽዮንን ከላይ እስከ ታች ያዩታል። አንድ አውሮፕላን ከበላያቸው አልፎ እስኪርቅ ድረስ እንደዚያው ይቆያሉ።]

እንድሪስ፦ መምህር… ሰኞ ጧት ጡሩምባው ሲነፋ ቤት አልነበሩም እንዴ?

ዘርአጽዮን፦ ጡሩምባውን አያንሱብኝ! ነበርኩ እንጂ! ገና ሳይነጋ፣ መስኮቴ ሥር! እኔ ንግግሬን እጽፋለሁ፣ ዋናው ቦታ ላይ ደርሻለሁ፣ «የሐዘናችሁ ተካፋይ ነን» የሚለው ላይ፤ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ፑ… ጆሮዬን በጠሰው! እገሌ አርፏል፣ እገሊት አርፋለች እያለ ሊለፈልፍ!

እንድሪስ፦ ታዲያ ማን እንዳረፈ አልሰሙም?

ዘርአጽዮን፦ መስኮቱን ዘጋሁበት! ጆሮዬንም ጥጥ ጠቀጠቅሁበት። ሲነጋም በዚህ አላበቃሁም፤ የዕድሩ ዳኛ ዘንድ ሄጄ ከሰስኩ።

እንድሪስ፦ ምን ብለው?

ዘርአጽዮን፦ «ስለ አርመን ሕዝብ ሐዘን እየጻፍኩ ሳለ በጡሩምባ ተረበሽኩ» ብዬ ነዋ!

እንድሪስ፦ [አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው] ያ ረቢ። ዳኛው ምን አሉ?

ዘርአጽዮን፦ «ልጄ፣ ደህና ነህ?» አሉኝ። እኔ ደግሞ ለጤናዬ ያሰቡ መስሎኝ አመሰገንኩ።

እንድሪስ፦ መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኔ አልተማርኩም። ያቺ አገር ከዚህ ስንት ትርቃለች?

ዘርአጽዮን፦ [ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ጣቱን አንሥቶ] አርመን! በጥቁር ባሕርና በካስፒያን ባሕር መካከል፣ ተራራማ፣ ክረምቷ ከባድ። ከአዲስ አበባ በአየር ከሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ!

እንድሪስ፦ በእግርስ?

ዘርአጽዮን፦ በእግር አይደረስም!

እንድሪስ፦ ይደረሳል። እኔ ትናንት አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ይምጡ።

[አጥሩን ተከትለው ይሄዳሉ። ዘርአጽዮን ሳያውቀው እርምጃውን ይቆጥራል። አርባኛው ላይ የማዳም በር ይደርሳሉ። በሩ ተበርግዷል። ግቢው ውስጥ ድንኳን፣ ድንኳኑ ውስጥ አሥራ ሁለቱ አግዳሚ ወንበሮች፣ ወንበሮቹ ላይ ትምህርት ቤቱ በሙሉ። ጓድ ላጲሶ መሀል ተቀምጠው ከሳህን ንፍሮ ያነሣሉ።]

እንድሪስ፦ [በሹክሹክታ] ከእህቷ ጋር ልጆች ሳሉ ነው የተለያዩት። አባትየው ወደ አገራችን እንግባ ብሎ ቤተሰቡን ይዞ ሄደ፤ ያቺኛዋ አብራ ሄደች። ማዳም ታማ ስለነበር አክስቷ ጋ ቀረች። በኋላ እንከተላለን ተባለ፤ አልሆነም። አርባ ዓመት በደብዳቤ ሲነጋገሩ ኖሩ። እሑድ ማታ ቴሌግራም መጣ።

ዘርአጽዮን፦ [ድምፁ ወርዶ] ግሪክ አልነበረችም።

እንድሪስ፦ እርስዎ ካሉ ብዬ እንጂ፣ እኔ የማውቀው አርመን መሆኗን ነው። አራክሲ ነው ስሟ።

ዘርአጽዮን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ ሰሞኑን ስለ መሬት መከፈት ያን ሁሉ ጽፎ ይህን መመኘቱ ደግሞ ሌላ አሳፈረው። ስድስት ዓመት ሱሪውን ያሳጠረችለት ሴት ናት። ስድስት ዓመት «ማዳም» ብሏት፣ አንድ ቀን ስሟን አልጠየቃትም። ሰባተኛ «ሀ» ሁሉ፣ ለጂኦግራፊ ፈተና ካርታ ገልብጠው የሚስሉት እነዚያ ልጆች ሁሉ፣ እሱ ሳያውቅ ያወቁትን ነገር ይዘው ያዩታል። ወደ ኋላ ሊመለስ አሰበ። እንድሪስ ግን በሩ ላይ ቆመዋል።

[ማዳም አራክሲ ጥቁር ለብሳ፣ ጭኗ ላይ የልጅ ሹራብ ይዛ ተቀምጣለች። መርፌው እጇ ላይ ነው።]

ማዳም፦ ና ልጄ፣ ግባ። ሰኞም ማክሰኞም ሳጣህ ታመመ እንዴ ብዬ ነበር። እዚህ ጋ ቁጭ በል።

ዘርአጽዮን፦ ማዳም… እግዚአብሔር ያጥናዎት።

ማዳም፦ አሜን። ያ የያዝከው ምንድን ነው?

ዘርአጽዮን፦ ምንም አይደለም። ወረቀት ነው።

እንድሪስ፦ ንግግር ነው። ስለ አገርሽ ነው የጻፉት። ሌሊት ሁሉ አልተኙም።

ማዳም፦ እውነት? አንብብልኝ እስቲ።

ዘርአጽዮን፦ ይቅር ማዳም።

ማዳም፦ አንብብልኝ። እኔ ስለዚያ አገር የሚያወራኝ ሰው የለም።

[ዘርአጽዮን ወረቀቱን ይዘረጋል።]

ዘርአጽዮን፦ «ከእኛ እጅግ በራቀች፣ ከመካከላችን አንድም ሰው በማያውቃት አንዲት አገር…»

[ያቆማል። ማዳም ከእሱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ናት።]

ማዳም፦ ምነው አቆምክ? ልክ ነህ እኮ። ሩቅ ናት። እኔም አላውቃትም። ፒያሳ ተወልጄ ፒያሳ ነው ያደግሁት፤ ከዚያ ቦሌ መጣሁ፤ በቃ። እህቴ በደብዳቤዋ «ዘንድሮ በረዶው በራችንን ዘጋው፣ በአካፋ ዝቀን ወጣን» ትለኛለች። በረዶ እንዴት አድርጎ በር እንደሚዘጋ አርባ ዓመት አስቤ አልገባኝም። አፈር ነው የሚመስለው? ጥጥ ነው? ያ ሁሉ ሰው ውጭ እያደረ ነው አሉ። አንተ ታስተምረዋለህ፤ እስቲ ንገረኝ። እንዴት ነው?

ዘርአጽዮን አፉን ከፈተ። አሥራ አንድ ዓመት ያስተማረው ሁሉ ምላሱ ላይ መጣ፤ የአየር ግፊቱ፣ ኬክሮሱ፣ የእርጥበቱ መጠን። ሴትየዋ ግን የምትጠይቀው ይህን አልነበረም። ሰባተኛ «ሀ» እያየው፣ ጓድ ላጲሶ እያዩት፣ ሞስኮ ከእጁ ስትወጣ እየታየው፣ በአስተማሪነቱ ተናግሮት የማያውቀውን ቃል ተናገረ።

ዘርአጽዮን፦ አላውቅም ማዳም። አይቼው አላውቅም። በመጽሐፍ ነው የማውቀው።

[ማንም አልሳቀም። ማዳም ራሷን ነቅንቃ ወደ መርፌዋ ተመለሰች። ሁለት ስፌት ሰፍታ ቀና አለች።]

ማዳም፦ ብርዱን ግን ታውቀዋለህ።

ዘርአጽዮን፦ እንዴት?

ማዳም፦ ካፖርቱን ጥቅምት ላይ ስታሰፋኝ ጊዜ! «ገበሩ ሁለት እጥፍ ይሁን፣ አንገቱ ጆሮ ድረስ ይምጣ፣ ከዜሮ በታች ሃያ የሚችል ይሁን» አላልከኝም? ባሌ ይሄን ያህል ይበርዳል እንዴ እያልኩ ሰፋሁት። ወንድምህን ሞቀው?

[ድንኳኑ በሙሉ ወደ ዘርአጽዮን ይዞራል። ጓድ ለተብርሃን የሽንኩርት ቢላዋቸውን ይዘው ብቅ ይላሉ። የአገሩ ሰው ናቸውና ወንድም እንደሌለው ያውቃሉ።]

ዘርአጽዮን፦ እሱ… እሱማ ለወንድሜ አልነበረም።

ማዳም፦ ለማን ነው ታዲያ?

[ዘርአጽዮን ሹራቡን ያያል፣ ጆንያዎቹን ያያል፣ የእንድሪስን የተጣፈ ካፖርት ያያል።]

ዘርአጽዮን፦ ለእነሱ ነው። ለአርመን… ለእህትዎ አገር ሰዎች። ቤት ነው ያለው፤ አሁን አመጣዋለሁ። ጆንያው ውስጥ ይግባ።

ላጲሶ፦ [መነጽራቸውን ከፍ አድርገው] ቆይ ጓድ። ካፖርቱን መቼ ነው ያሰፋኸው?

ዘርአጽዮን፦ ጥቅምት።

ላጲሶ፦ መሬቱ የተንቀጠቀጠው መቼ ነው?

ዘርአጽዮን፦ ኅዳር… መጨረሻ።

ላጲሶ፦ ይቅርታ፣ ልክ ልያዘው። አደጋው ከመድረሱ ከአንድ ወር በፊት ለተጎጂዎቹ ካፖርት አሰፋህላቸው?

[ዘርአጽዮን ወራቱን በጣቱ ይቆጥራል።]

እንድሪስ፦ ምኑ ይገርማል ጓድ? መምህር የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። እሳቸው ሁሉንም ነገር ቀድመው ነው የሚያውቁት።

መጀመሪያ የሳቀችው ማዳም ናት። ሳቁ አመለጣትና ሹራቡን አፏ ላይ ያዘች፤ ከአራት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ሳቋ ስለነበር ወዲያው ወደ ልቅሶ ዞረ፤ ደግሞ ተመልሶ ሳቅ ሆነ። ከዚያ ድንኳኑ ተከተላት። ዘርአጽዮንም ሳቀ። ዓይኑን ሲጠርግ ግን እያለቀሰ መሆኑን አወቀ፤ ለማን እንደሚያለቅስ የሚገልጽ ደብዳቤም ከየትም አልመጣለትም ነበር።

[ከቀኑ አሥር ሰዓት። ጆንያዎቹ ተጭነው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄደዋል። ካፖርቱም ከላይ ተጣጥፎ አብሮ ሄዷል። ሐዘንተኛዋ እንድታርፍ ለቀስተኛው ተበትኗል። ዘርአጽዮንና እንድሪስ አንድ አግዳሚ ወንበር በሁለት ጫፍ ይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ ይመለሳሉ።]

ዘርአጽዮን፦ ጋሽ እንድሪስ፣ አንድ ጊዜ እንኳ «የአርመኗ ለቅሶ ነው» ቢሉኝ ምን ነበረበት?

እንድሪስ፦ ለእርስዎ? እርስዎኮ ነዎት ለሁለት ሳምንት ስለ አርመን ሲሰብኩን የከረሙት። ያላወቁ አልመሰለኝም። እንዲያውም ልቤ «መምህር ትልቅ ነገር ሊያደርጉላት ነው የቀሩት» ይል ነበር።

ዘርአጽዮን፦ ዝቅ ያድርጉት በእርስዎ በኩል፤ በሩ ላይ ይነካል። ለማንኛውም ሞስኮ ቀረ።

እንድሪስ፦ ማን አለ?

ዘርአጽዮን፦ ምን ማለትዎ ነው?

እንድሪስ፦ ጓድ ላጲሶ ሲወጡ ለጓድ ለተብርሃን ሲነግሯቸው ሰማሁ። «ሃያ ዓመት ትምህርት ቤት ስጎበኝ አላውቅም ሲል የሰማሁት አስተማሪ ይሄ ብቻ ነው፤ ይሂድና አይቶ ይምጣ» አሉ። ስምዎን ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

[ዘርአጽዮን የወንበሩን ጫፍ ይለቃል። ወንበሩ እንድሪስ እግር ላይ ሊወድቅ ለጥቂት ይተርፋል።]

ዘርአጽዮን፦ ሞስኮ? እኔ? በረዶውን?

እንድሪስ፦ አዎ። ጥር ውስጥ ነው አሉ።

ዘርአጽዮን፦ ጥር! ጥር… [ደስታው ፊቱ ላይ እንዳለ ይደርቃል] ጋሽ እንድሪስ… ካፖርቴ!

እንድሪስ፦ እሱማ ሄደ።

ዘርአጽዮን፦ ከዜሮ በታች ሃያ ነው እኮ!

[እንድሪስ ወንበሩን መሬት ያስቀምጣሉ። ቀስ ብለው ካፖርታቸውን አውልቀው ያራግፉታል፤ ለዘርአጽዮን ትከሻ ላይ ይጥሉለታል። ልክ ነው። ጀርባው ላይ ያለው ጣፍ ብቻ ይታያል።]

እንድሪስ፦ ይውሰዱት። እኔ እስከ መጋቢት በብርድ ልብስ አሳልፋለሁ። አንገቱ ውስጥ የሆነ ፊደል ተጽፎበታል፤ ከየት አገር እንደ መጣልኝ አላውቅም። ያንብቡት እስቲ።

[ዘርአጽዮን አንገቱን ገልብጦ ያያል። ወደ ብርሃን ያዞረዋል፣ ያርቀዋል፣ ያቀርበዋል።]

ዘርአጽዮን፦ አላውቅም። ቀለሙ ለቅቋል፤ የሩስያም እንደሆነ እንጃ።

እንድሪስ፦ ዛሬስ ቀናዎት፤ «አላውቅም» አሉ፣ ሁለት ጊዜ! ካፖርቱም ምናልባት ከዚያው ከሆነ እግረ መንገዱን አገሩን ያያል።

ዘርአጽዮን፦ [ካፖርቱን እየቆለፈ] ጋሽ እንድሪስ… አገር ያሰድባል ያልኩት…

እንድሪስ፦ ይተዉት። በሰላም ይግቡ። አንድ አደራ ብቻ አለኝ።

ዘርአጽዮን፦ የፈለጉትን።

እንድሪስ፦ እዚያ አገር ጡሩምባ ሲነፋ ከሰሙ፣ የቱንም ያህል ቢበርድዎ፣ መስኮቱን እንዳይዘጉት።